ክዳኑን የገለበጡ ሰዎች



መመሳሰል ሌላ፣ መዛመድ ሌላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይኸው ነው። ምስክር አድርጌ የማቀርበው ደግሞ ሊምፔት የሚባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። የተፈጥሮ ሊቃውንት ይህን ፍጥረት ከማን ጋር እንደሚመድቡት መከራከር ከጀመሩ ከ260 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በመካከሉ ብዙ ስም ወጥቷል፣ ብዙ ስም ወድቋል፤ ክርክሩ ግን ዛሬም አልተዘጋም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ከእንስሳው ጋር እንተዋወቅ። በአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻ የተለመደውን ሊምፔት እንውሰድ። ዛጎሉ እንደ ሌሎቹ ቀንድ አውጣዎች አይጠመዘዝም፤ ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ሰፋ ብሎ እንደ ጎጆ ክዳን አለት ላይ የተደፋ ነው። ትልቁ ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዛጎሉ ሥር አንድ ሰፊ የጡንቻ እግር አለው። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ እንስሳው ለፀሐይና ለነፋስ ይጋለጣል፤ ያን ጊዜ ዛጎሉን ወደ አለቱ ስቦ፣ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይጠብቃል። ሳያስበው በድንገት ካልመቱት በስተቀር በእጅ ላላቅቅህ ቢሉት ንቅንቅ አይልም። ሲመቸው ተነሥቶ አለቱ ላይ የበቀለውን ስስ አልጌ እየፋቀ ይበላና ወደዚያችው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። የዛጎሉ ጠርዝ ከዚያች ቦታ ጎርባጣ ጋር ተስማምቶ ስላደገ ሌላ ቦታ እንደዚያ ልክክ አይልም።

ይህን ጠባዩን ሰዎች ያስተዋሉት ጥንት ነው። አርስቶትል ሊምፔት ከአለቱ እየተላቀቀ እንደሚንቀሳቀስ ጽፏል። ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ1894፣ ሎይድ ሞርጋን የተባለ የብሪስቶል ምሁር ሊምፔቶችን ከየቦታቸው አንሥቶ በተለያየ ርቀት ላይ እያስቀመጠ ስንቱ ቤቱን አግኝቶ እንደሚመለስ ቆጠረ። ቅርብ የተቀመጡት አብዛኞቹ ተመለሱ፤ ርቀቱ ሲጨምር የሚመለሱት ቁጥር እያነሰ ሄደ። እንግዲህ ይህ እንስሳ መንገድ ያውቃል፣ ቤት ያውቃል። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ባዶ ዛጎል ግን ከዚህ አንዱንም አይናገርም።

ችግሩ የጀመረውም ከዚያ መሳቢያ ነው። ሥጋው ይበሰብሳል፤ ዛጎሉ ይቀራል። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛጎል የባለጸጎችና የነገሥታት መኩሪያ ነበር። መርከበኛው ከሩቅ ባሕር ያመጣል፣ ነጋዴው ይሸጣል፣ ባለጸጋው ደርድሮ ለእንግዳ ያሳያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ማርቲን ሊስተር ከ1685 እስከ 1692 ድረስ ታላቅ የዛጎል መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሎቹን የሠሩለት ሱዛናና አና የተባሉት ሴት ልጆቹ ነበሩ። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስም በበኩሉ የአገሩ ንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ በድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት ያከማቸቻቸውን ዛጎሎች መርምሮ ዘርዝሯል። የዘመኑ ሊቃውንት ገበታቸው ላይ የቀረበላቸውን መደቡ፤ የቀረበላቸው ደግሞ ክዳን ብቻ ነበር።

በ1758 በወጣው «ሲስተማ ናቱሬ» 10ኛ እትም ሊኒየስ «ፓቴላ» የሚባል ወገን አቆመ። መስፈርቱ አጭር ነው፦ ዛጎሉ አንድ ወጥ፣ ሾጣጣ ቢጤ፣ ጥምዝ የሌለው ይሁን። ስለ እንስሳው ራሱ ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነው ከማለት ሌላ አልጨመረም።

በዚህ ሰፊ በር ማን ማን እንደገባ ተመልከቱ። ዛሬም ፓቴላ ቩልጋታ የሚባለው የተለመደው ሊምፔት ገባ። አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለውና በዚያ ቀዳዳ የተጠቀመበትን ውሃ የሚያስወጣው፣ ዛሬ ዲዮዶራ የምንለው ገባ። አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ተደራርቦ የሚኖረው፣ ምግቡን ከውሃ እያጠለለ የሚበላው፣ በወጣትነቱ ወንድ ሆኖ ኋላ ወደ ሴትነት የሚለወጠው የአሜሪካ ዳርቻው ክሬፒዱላ ገባ። ባሕር አይቶ የማያውቀው የሐይቅ ነዋሪም ገባ። ከሁሉ የሚያስገርመው ሊኒየስ «ፓቴላ ኡንጉዊስ» ያለው ነው። እሱ ቀንድ አውጣ ቀርቶ ቀንድ አውጣ ከሚመደብበት ከሞለስኮች ወገን እንኳ አልነበረም፤ ብራኪዮፖድ ከሚባለው ሌላ ወገን የሆነ፣ ሁለት ክዳን ያለው ሊንጉላ ነው። ሊኒየስ እጅ የገባው ከሁለቱ ክዳኖች አንዱ ብቻ ነበር። ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለርም በ1776 ሌላ ብራኪዮፖድ አግኝቶ «ፓቴላ አኖማላ» ብሎ ሰየመው።

በዚህ ሊኒየስን ልንስቅበት አይገባም። ያወጣው ደንብ ግልጽ ነበር፤ ከሊዝበን እስከ ሴንት ፒተርስበርግ ዛጎል በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ሊሠራበት ይችል ነበር። ደንቡ ግልጽ ስለሆነም የት ላይ እንደሚሰበር ማየት ቀላል ሆነ። ድፍንፍን ያለ ምደባ ቢሆን ኖሮ ተሳስቷል ብሎ ለማሳየት እንኳ ባላመቸ ነበር።

ዛጎሉ ብቻውን እንደማይበቃ ከሊኒየስ አንድ ዓመት ቀድሞ የጻፈ ሰው ነበር። ሚሼል አዳንሰን ፈረንሳዊ ነው። በ1749፣ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ፣ የንግድ ኩባንያ ተቀጣሪ ሆኖ ሴኔጋል ወረደና አራት ዓመት ያህል ቆየ። እዚያ የደረቀ ዛጎል ከነጋዴ መግዛት አላስፈለገውም፤ እንስሳውን በሕይወቱ ከአለቱ ላይ ያገኘዋል። የራስ ቀንዱን፣ ዓይኑ የት እንዳለ፣ እግሩን፣ አፉን መዝግቦ በ1757 ስለ ሴኔጋል ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ነዋሪውን ሳያዩ ቤቱን ብቻ አይተው መመደብ እንደማያዋጣ ተከራከረ። ነገር ግን ኋላ ሊቃውንቱ የተስማሙበት የእንስሳት ስያሜ ሕግ መነሻውን ጥር 1 ቀን 1758 ላይ አደረገው፤ ከዚያ በፊት የወጣ ስም አይጸናም። አዳንሰን በአሳቡ ቀደመ፣ በስሞቹ ግን ሳይቆጠር ቀረ። የሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ጭካኔ አለበት፤ ሕጉን ግን ከንቱ አያሰኘውም። አንድ መነሻ ቀን ባይኖር ኖሮ ለአንድ እንስሳ አሥር ስም ይዘን እስከዛሬ እንጨቃጨቅ ነበር።

የአዳንሰንን ምክር በቢላዋ የፈጸመው ፓሪሳዊው ዦርዥ ኩቪየ ነው። ኩቪየ ሞለስኮችን እየሰነጠቀ ልባቸውን፣ አንጀታቸውንና ስንጥባቸውን አጠና። የሊምፔት ስንጥብ በእግሩ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ አገኘው። ኪቶን የሚባለው፣ ጀርባው ላይ ስምንት ጥፍር መሰል ክዳኖች የደረደረው የባሕር እንስሳም ስንጥቡ በእግሩ ዙሪያ ነው። ስለዚህ በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን በአንድ ክፍል አስቀመጣቸው። ይህም ስሕተት ነበር። ኪቶን ቀንድ አውጣ አይደለም፤ ሞለስክ ከመሆናቸው በስተቀር ሁለቱን የሚያገናኝ ቅርብ ዝምድና የለም። አድማጭ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ኩቪየ ክዳኑን ገልብጧል፣ ውስጡንም አይቷል፤ ግን ፍርዱን በአንድ ብልት ላይ አንጠለጠለው። እንደ ዛጎሉ ሁሉ ስንጥብም በኑሮ ምክንያት ቅርፁን ይለውጣል።

ይህን ያስረዳው መርከብ የጫነው ሌላ ሰው ነው። ዮሐን ፍሪድሪሽ ኤሽሾልትስ በሩሲያ መርከቦች ሁለት ጊዜ ዓለምን የዞረ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ከፓስፊክ ዳርቻ ያመጣቸው አንዳንድ ሊምፔቶች ከላይ ሲታዩ ከፓቴላ አይለዩም፤ ከሥር ግን በእግር ዙሪያ ያለው ቀለበት የለም፤ ከአንገታቸው በላይ አንድ ላባ መሰል ስንጥብ ብቻ አላቸው። «አክሜያ» ብሎ የሰየማቸው መጽሐፍ የታተመው በ1833፣ እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። በ1871 አሜሪካዊው ዊልያም ሂሊ ዳል የአሜሪካን ምዕራብ ዳርቻ ሊምፔቶች በሰፊው ሲመረምር ይህ ልዩነት ዋና መለያ ሆኖ አገለገለው።

ቀጥሎ የመጣው ማስረጃ ከአፍ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣ ምላሱ ላይ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ፣ በረድፍ በረድፍ የተተከሉ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። በሊምፔት ይህ ጥብጣብ ከራሱ ከዛጎሉ ይረዝማል፤ ፊተኞቹ ጥርሶች አለት እየፋቁ ሲያልቁ ከኋላ አዳዲሶች ይተካሉ። ጀርመናዊው ፍራንዝ ሄርማን ትሮሼል ከ1856 ጀምሮ የቀንድ አውጣን ጥርስ ብቻ የሚመለከት ትልቅ ሥራ በየክፍሉ ያሳትም ነበር። በማይክሮስኮፕ ሥር ሲያያቸው የእውነተኞቹ ሊምፔቶች ጥርስ ጥቂት፣ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ከሌሎቹ ሁሉ ተለየለት፤ በዚህም ምክንያት በ1866 የራሳቸው ክፍል አደረጋቸው። ባለ ቀዳዳው፣ ተደራቢውና የሐይቁ ነዋሪ ከዚህ ክፍል ውጭ ቀሩ።

ለምደባ ሲባል የተጠና ጥርስ መቶ ዓመት ቆይቶ ለሌላ ሙያ ተረፈ። በ1962 ሃይንዝ ሎወንስታም በሊምፔት ጥርስ ውስጥ ጎታይት የሚባል የብረት ማዕድን መኖሩን አስታወቀ። እንስሳው ብረቱን ከባሕር ውሃና ከምግቡ እየለቀመ ጥርሱን ያጠነክርበታል ማለት ነው። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝ በፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ በኤሳ ባርበር የተመራ ቡድን ከጥርሱ እጅግ ስስ ናሙና ወስዶ ጎትቶ ለመበጠስ የሚያስፈልገውን ኃይል ለካ። ከ3 እስከ 6.5 ጊጋፓስካል ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ በሕያዋን ከተሠሩት ሁሉ ጠንካራ ይባል የነበረውን የሸረሪት ድር በለጠ። ምሥጢሩ የማዕድኑ ክሮች ቅጥነት ነው፤ ክሩ እጅግ ቀጭን ሲሆን ስንጥቅ የሚጀምርበት ጉድለት ብዙም አያገኘውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዝምድና የሌላቸው እንስሳት ስለምን አንድ ዓይነት ክዳን ደፉ? መልሱ ማዕበሉ ነው። ተጠምዝዞ ከፍ ያለ ዛጎል ማዕበል የሚይዘው እጀታ ይሆናል። ዝቅ ያለና ጠርዙ የሰፋ ሾጣጣ ግን ውሃውን በላዩ ያሳልፋል፤ ከሥሩም ለትልቅ እግር ቦታ ይሰጣል። ይህ ቅርፅ ስለሚያዋጣ በዝግመተ ለውጥ ታሪክ ውስጥ የተለያዩ የቀንድ አውጣ ወገኖች እየብቻቸው ደጋግመው ደርሰውበታል። በሞቃት ባሕሮች አለት ላይ የሚገኘው ሲፎናሪያ አየር ከሚተነፍሱት ቀንድ አውጣዎች ወገን ነው፤ ግን ከእውነተኛው ሊምፔት ጎን ተለጥፎ ቢያዩት ወንድማማቾች ይመስላሉ። እውነተኛው ሊምፔትም ቢሆን የቀንድ አውጣነቱን አልካደም። ገና እጭ ሳለ የሆድ ዕቃው ልክ እንደ ሌሎቹ ቀንድ አውጣዎች 180 ዲግሪ ይዞራል። ጥምዙን ከዛጎሉ ላይ ቢጥለውም ከአስተዳደጉ አልጣለውም። እንግዲህ ቅርፅ ስለ ኑሮ ይናገራል፤ ስለ ትውልድ ለመናገር ግን አደራ የሚሰጠው ምስክር አይደለም።

20ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ከጥልቁ ባሕር አጸናው። በ1952 ጋላቴያ የተባለችው የዴንማርክ የምርምር መርከብ ከኮስታሪካ በስተምዕራብ፣ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ ሊምፔት የሚመስሉ 10 እንስሳት አወጣች። ሄኒንግ ለምከ ሲገለብጣቸው በጎንና በጎን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ስንጥቦችና ጡንቻዎች አገኘ። የዚህ ወገን ዛጎሎች በጥንት አለቶች ውስጥ ቅሪተ አካል ሆነው ይታወቁ ነበር፤ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት እንደጠፋም ይታመን ነበር። ለምከ በ1957 «ኒዮፒሊና ጋላቴዬ» ብሎ ለዓለም አስተዋወቀው። በ1977 ደግሞ በጋላፓጎስ አቅራቢያ የባሕር ወለል ላይ ሞቃት ምንጮች ተገኙ፤ በዚያም ሊምፔት መሰል ፍጥረት ነበር። የሎስ አንጀለሱ ጄምስ ማክሊን በ1981 «ኒዮምፋለስ ፍሬተሬ» አለው። ስሙ ዕድሜዋን ሙሉ የቀንድ አውጣን የውስጥ አካል ላጠናችው ለእንግሊዛዊቷ ቬራ ፍሬተር መታሰቢያ ነው። ክብሩ ተገቢ ነበር፤ ፍሬተር ከአላስተር ግራም ጋር በ1962 ያሳተመችው መጽሐፍ ለብዙ ተመራማሪ የሚመሳከርበት ሥራ ሆኖ ቆይቷልና።

በ1986 ዴቪድ ሊንድበርግ እውነተኞቹን ሊምፔቶች ዛሬ በምንጠራቸው «ፓቴሎጋስትሮፖዳ» በሚለው ስም ሰበሰባቸው። ብዙ ሊቃውንትም ይህ ክፍል ከቀሩት ቀንድ አውጣዎች ሁሉ አስቀድሞ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ነው ብለው ያዙ። በ2019 ታዋና ኩኛና ጎንዛሎ ጂሪቤት ብዙ ዘረመሎችን አነጻጽረው ሌላ ውጤት አቀረቡ፤ የእውነተኞቹ ሊምፔቶች የቅርብ ዘመድ ባለ ቀዳዳው ሊምፔት የሚገኝበት ትልቁ ወገን ሆነ። ሊኒየስ በክዳን መልክ ያገናኛቸው፣ ትሮሼል በጥርስ የለያያቸው፣ በዘረመል እንደገና ቀረቡ። ሆኖም ክዳናቸውን ያገኙት እየራሳቸው ነው። ዝምድናው እውነት ቢሆን እንኳ የመመሳሰላቸው ምክንያት እሱ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ቀንድ አውጣ?» የሚል አይጠፋም። መልሴን በሦስት ነገር ላሳይ።

አንደኛ፣ መጋቢት 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኮርንዎል አጠገብ ከአለት ተጋጭታ 120,000 ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ባሕሩን አለበሰው። ዘይቱን ለመበተን የተረጨው ኬሚካል ሊምፔቶቹን ጨረሰ። ፋቂው ሲጠፋ አለቱ በአረንጓዴ አልጌ፣ ቀጥሎም በቡናማ የባሕር አረም ተሸፈነ። አንዳንዱ ዳርቻ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደበት። የዳርቻውን መልክ የሚወስነው ይህ ፋቂ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ጉዳቱን ሊለካ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ተደራቢው ክሬፒዱላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሜሪካ ኦይስተር ጋር ተጭኖ እንግሊዝ ገባ፤ ዛሬ የኦይስተር አርቢዎች ባላንጣ ነው። አልጌ ፋቂውንና ውሃ አጥላዩን ሁለቱንም «ሊምፔት» ብሎ በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው የትኛው እንደሚጠበቅ፣ የትኛው እንደሚገታ ግራ ይገባዋል።

ሦስተኛው ለእኛ ይቀርባል። ባሕሩ ከእጃችን ቢርቅም ሊምፔት መሰል ነዋሪ በደጋ ወንዞቻችን ድንጋይ ሥር አለ። ሙለር አንሲለስ ብሎ ከሰየመው ወገን ዴቪድ ብራውን በ1973 ከኢትዮጵያ አዲስ ዝርያ ገልጿል። ይህን ትንሽ ክዳን ለበስ ከባሕሩ ሊምፔት ጋር የሚያገናኘው ክዳኑ ብቻ ነው። በዘረመል ሲፈተሽ የተገኘው የቢልሃርዝያን ተውሳክ ከሚያስተላልፈው ከባዮምፋላሪያ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ባዮምፋላሪያ ግን ዛጎሉ እንደ ጥቅል ገመድ ጠፍጣፋ ጥምዝ ነው። የማይመሳሰሉት ዘመዳሞች፣ የሚመሳሰሉት ባዕዳን ሆኑ። በ1964 ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ምርምሩን ሲጀምር፣ አገራችን የቀንድ አውጣ ጉዳይ የጤና ጉዳይ መሆኑን ለዓለም አስተምራለች። የትኛው ቀንድ አውጣ ምን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ከዝምድና ጥያቄ አይለይም።

ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ በባሕር ሣር ላይ ብቻ የሚኖር ሎቲያ አልቪየስ የሚባል ሊምፔት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሽታ ሣሩን ፈጀው። ሣሩ ጨው በቀነሰበት ውሃ ውስጥ ተረፈና ኋላ ተመልሶ ተስፋፋ፤ ሊምፔቱ ግን እዚያ ውሃ ውስጥ መኖር ስለማይችል ጠፋ። መጥፋቱን ዓለም የተረዳው በ1991፣ ጄምስ ካርልተንና ባልደረቦቹ በሙዚየም የተቀመጡ ናሙናዎችን መርምረው የመጨረሻው የተሰበሰበው በ1929 መሆኑን ሲያሳዩ ነው። ስሳ ዓመት ያህል ማንም አላወቀም ነበር። ያሳወቁት ከናሙናዎቹ ጋር የተያያዙ፣ ቦታና ቀን የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው።

ስለዚህ ወደ ወንዝ ስትወርዱ ድንጋዩን ገልብጡ፤ ያገኛችሁትንም እንስሳ ገልብጡ። በምን እንደሚተነፍስ፣ በምን እንደሚበላ ተመልከቱ፤ ስም ስጡት፤ መሳሳትን አትፍሩ። ሊኒየስ ተሳስቷል፣ ኩቪየ ተሳስቷል፤ ሁለቱንም ያረሟቸው በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ዝርያውን ብትሳሳቱ እናንተንም የሚመጣው ሰው ያርማችኋል። የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን እንዳገኛችሁት ካልጻፋችሁ ግን ማንም ሊያርማችሁ አይችልም።